ኢቫፖ-ረስት በጦርነት ዘመን ጂፕ ላይ፦ የት ያዋጣል፣ የት ገንዘብ ይበላል

የዝገት ማስለቀቂያ ፈሳሾች ማስታወቂያ ላይ ሁሉም አንድ ናቸው። ዝናብና ፀሐይ ለብዙ ዘመን የተፈራረቀበት ብረት ሲገባባቸው ግን ይለያያሉ። እዚህ የምንመዝነው ኢቫፖ-ረስት የተባለውን ፈሳሽ ሲሆን የምንመዝንበት ሥራም አንድ ነው፦ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተርፎ ጓሮ ወይም ሜዳ ላይ ወድቆ የቀረ ዊሊስ ኤምቢ ወይም ፎርድ ጂፒደብሊው ጂፕን ማዳን። ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር። ለቡሎንና ለዳዶ፣ ለፍሬን ሲሊንደር፣ ለመፍቻ፣ በተለይም ቁጥር ለተመታበት ብረት እጅግ ጥሩ ነው። ለሻንሲና ለቦዲ ግን በጋሎን እየገዙ መድፋት ይሆናል። እዚያ ላይ ከስኳር ፋብሪካ የሚወጣ ሞላሰስ ወይም የባትሪ ቻርጀርና ጥቂት ኪሎ ሶዳ ይበልጠዋል።

ፈሳሹን ከመግዛት በፊት ጂፑ የትኛው እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ኤምቢና ጂፒደብሊው የተሠሩት እ.ኤ.አ. ከ1941 እስከ 1945 ሲሆን የሁለቱ ፋብሪካዎች ምርት ተደምሮ ወደ 640,000 ይጠጋል። ኢትዮጵያና አሜሪካ በ1945 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1953) የወታደራዊ እርዳታ ስምምነት ከተፈራረሙ በኋላ የአሜሪካ ወታደራዊ ተሽከርካሪ ወደ አገራችን ስለገባ፣ አሮጌ ጂፕ ሁሉ የዓለም ጦርነት ጂፕ አይደለም። የፊቱን ፍርግርግ ቁጠሩ። የጦርነቱ ጂፕ ዘጠኝ ቁመታዊ ክፍተት አለው፤ የመጀመሪያዎቹ ከ25,000 በላይ ዊሊሶች ደግሞ ፍርግርጋቸው ከጠፍጣፋ ብረት ተበይዶ የተሠራ ነው። ከጦርነቱ በኋላ የወጣው ሲጄ-2ኤ ሰባት ክፍተት ሲኖረው ከኋላው የሚከፈት በር አለው። ኤምቢና ጂፒደብሊው የኋላ በር የላቸውም። ሁለቱን እርስ በርስ ለመለየት ከራዲያተሩ ሥር ያለውን የሻንሲ ማገናኛ ተመልከቱ፤ ክብ ቱቦ ከሆነ ዊሊስ፣ አራት ማዕዘን ቅርጽ ካለው ፎርድ ነው።

ይህን የምናነሣው በከንቱ አይደለም። የትኛው ዝገት በምን እንደሚለቅ የሚወስነው ብረቱ ላይ ያለው ምልክት ነው። ፎርድ የሠራቸው ክፍሎች፣ እስከ ቡሎን ጭንቅላት ድረስ፣ ‹ኤፍ› ፊደል ተመትቶባቸዋል። የጂፒደብሊው ሻንሲ ቁጥር በግራው ሐዲድ (የሻንሲው ረጅም የጎን ብረት) አናት ላይ፣ ከፊት በኩል፣ በቀጥታ ብረቱ ላይ ተመትቷል። በኤምቢ ላይ ቁጥሩ ያለው በግራው ሐዲድ የውስጥ ገጽ ፊት ለፊት በተሰካች ትንሽ ሳህን ላይ ነው። የሽቦ ብሩሽ የተገጠመበት ግራይንደር እነዚህን ምልክቶች በደቂቃ ያልሳቸዋል። ጠንካራ አሲድ ጠርዛቸውን ይበላል፤ አሸዋ የሚተፋ ማሽን ደግሞ ያደበዝዛቸዋል። ቁጥሩ የጠፋበት ጂፕ መነሻውን የሚያስረዳ ማስረጃ አጥቷል፤ ከዚያ በኋላ ምንም ያህል ቢያምር ከተገጣጠመ ጂፕ መለየት ያስቸግራል።

ኢቫፖ-ረስት ጠቃሚ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ጠንካራ አሲድ አይደለም፤ ውሃ ላይ የተመሠረተና ገለልተኛነት የሚቀርበው ፈሳሽ ነው። በውስጡ ያለው ንጥረ ነገር ከዝገቱ ውስጥ የብረቱን አቶም ነጥሎ ይይዛል፤ ጤነኛውን ብረት አይጎዳም። ስለዚህ ከዝገቱ ሥር የተቀበረ ፊደል ጠርዙን እንደያዘ ይወጣል። እጅ አያቃጥል፣ አይሸት፣ ጎማና ፕላስቲክ አይበላ። ሥራው ዝግ ያለ ነው፤ እንደ ዝገቱ ውፍረት ከ1 እስከ 24 ሰዓት ይፈጃል።

በሻንሲው ቁጥር ላይ አሠራሩ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ቦታውን በሙቅ ውሃና በቅባት ማስለቀቂያ እጠቡ፤ ፈሳሹ በቅባትና በግራሶ ውስጥ አልፎ አይሠራም። የተነሣውን ቅርፊት በእንጨት ወይም በፕላስቲክ ጠርዝ አንሡ፤ ካቻቪቴ አታስገቡበት። ከጥጥ የተሠራ ጨርቅ አራት እጥፍ አድርጋችሁ ፈሳሹ ውስጥ ንከሩና ቁጥሩ ላይ ጫኑት፤ በላዩ የምግብ ላስቲክ ጠቅልላችሁ ዳር ዳሩን በፕላስተር አሽጉ። ጨርቁ ከደረቀ ሥራው ይቆማል፤ ከዚህም የከፋው የደረቀው ጠርዝ ላይ ጥቁር መስመር መጣሉ ነው። በየሦስትና አራት ሰዓቱ ግለጡ፣ በጥርስ ብሩሽ አሹ፣ ጨርቁን አድሱ። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዙር ቁጥሮቹ ግራጫ መሬት ላይ ጥቁር ሆነው መታየት ይጀምራሉ። በዚያው ቀን ከጎን በሚመጣ መብራት ፎቶ አንሡ፤ ቀለም ከተቀባ በኋላ እንደዚያ ጠርቶ አይታይም። ከዚያ ስስ የሆነ ፕራይመር ብቻ ቀቡት፤ ስቱኮ በፍጹም አይጠጋው።

ለቡሎንና ለትናንሽ ክፍሎች ሥራው ቀላል ነው። አንድ ጋሎን፣ ማለትም 3.8 ሊትር ገደማ፣ የፕላስቲክ ባልዲ ውስጥ ይደረግና ክፍሎቹ ሙሉ በሙሉ ይሰምጣሉ። ግማሹ ወጥቶ ግማሹ የገባ ብረት ውሃው ልክ ላይ የተበላ መስመር ይቀርበታል፤ ያ መስመር በኋላ አይለቅም። ፈሳሹ ካልበቃ ውሃ የሞላባቸው የታሸጉ ጠርሙሶች ባልዲው ውስጥ ጨምሩ፣ ደረጃው ከፍ ይላል። ክፍሎቹ እርስ በርስ ከተጣበቁ የተነካካው ቦታ ዝገቱን ይዞ ይወጣል፤ በሽቦ አንጠልጥሏቸው። ውስጣቸው ባዶ የሆኑ ነገሮች አየር እንዳይቋጥሩ ከገቡ በኋላ አገላብጧቸው። የፍሬን ሲሊንደር ተገልብጦ ከተቀመጠ ግማሽ ጉድጓዱ ሳይነካ ያድራል።

ሙቀት ወሳኝ ነው። ፈሳሹ በደንብ የሚሠራው ከ18 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሲሆን ነው። አዲስ አበባ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ስለሚወርድ፣ ውጭ ያደረ ባልዲ ጠዋት ሲያዩት ምንም ያልሠራ ይመስላል፤ ፈሳሹ ግን አልተበላሸም፣ በርዶት ነው። ጥቁር ጀሪካን ውስጥ አድርጎ ፀሐይ ላይ ማቆም ወይም ባልዲውን ሙቅ ውሃ የያዘ ሳፋ ውስጥ ማስቀመጥ ይበቃል። ድሬዳዋ ወይም ዱባይ ላለ ሰው ይህ ችግር የለበትም። እዚያ የሚያስቸግረው ትነት ነው፤ የጎደለውን በንጹሕ ውሃ መሙላት ይቻላል፣ የሚተነው ውሃው ብቻ ነውና።

የፍሬኑ ነገር ትንሽ ቆም ብሎ መታየት አለበት። የጂፑ የፊት እግር ሲሊንደሮች ውስጣቸው 1 ኢንች (25.4 ሚሜ)፣ የኋላዎቹ ሦስት አራተኛ ኢንች (19 ሚሜ) ነው። የፊቱን ከኋላው የቀላቀለ መካኒክ ጂፑን በፍሬን ጊዜ ኋላው ቀድሞ እንዲቆልፍ ያደርገዋል፤ ስለዚህ ሲፈታ ምልክት ይደረግበት። አራቱና ዋናው ፓምፕ ተፈትተው ላስቲካቸው ከወጣ በኋላ አንድ ጋሎን ውስጥ ይበቃሉ። 12 ሰዓት ቆይተው ሲወጡ ሥራው አለቀ ማለት አይደለም። ፈሳሹ ዝገቱን ያነሣል፣ ዝገቱ የበላውን ብረት ግን አይመልስም። ላስቲኩ በሚመላለስበት ቦታ ላይ ጥፍር አስገቡ፤ ጥፍር የሚይዝ ጉድጓድ ካለ ያ ሲሊንደር ዘይት ያፈሳል። ወይ ቶርኖ ቤት ተወስዶ ከናስ ወይም ከማይዝግ ብረት የተሠራ እጅጌ (ውስጡን የሚሸፍን ስስ ቱቦ) ይገባለት፣ ወይ በአዲስ ይተካ። በብርጭቆ ወረቀት አሽቶ ማስተካከል አደገኛ ነው፣ ቀዳዳው ሲሰፋ ላስቲኩ ይላላል። የፍሬን ሸራውን በተመለከተ ደግሞ፣ በዚያ ዘመን የተሠራ ሸራ አስቤስቶስ አለበት፤ በኮምፕሬሰር አየር አይነፋም፣ በደረቁ አይፈገፈግም። አርጥቡት፣ ላስቲክ ውስጥ አሽጉት፣ በአዲስ ተኩት።

ከመፍታት ጋር የተያያዘ አንድ ነገር ብዙ ቡሎን ያስሰብራል። በጂፑ ግራ በኩል ያሉት የቸርኬ ዳዶዎች ጥርሳቸው ግራ ነው፤ የሚፈቱት እንደ ሌላው በተቃራኒው ሳይሆን በሰዓት አቅጣጫ ሲዞሩ ነው። ‹አልፈታም አለ› ተብሎ በረጅም ቱቦ እየተገፋ የሚሰበረው ብዙውን ጊዜ የተሳሳተ አቅጣጫ ስለሚዞር ነው። ለተጣበቀ ዳዶ ኢቫፖ-ረስት አይሆንም። ጥርሱ ውስጥ ገብቶ ስለማይዘዋወር ቀናት ይፈጅበታል። አሴቶንና የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት እኩል በእኩል ቀላቅሎ ማጠጣት፣ አንድ ሌሊት ማቆየት፣ ከዚያ ዳዶውን በእሳት አሙቆ መፍታት የተሻለ ነው። አሴቶን በቀላሉ ስለሚቀጣጠል የተቀባው ሳይደርቅ እሳት አይቅረበው።

ሞተሩ ከተጣበቀም ያው ነው። ፒስቶኖቹ አሉሚኒየም፣ ብሎኩ ብረት ስለሆነ ካንዴላ ተፈትቶ በየሲሊንደሩ ያንን ቅልቅል ማፍሰስና መታገሥ ይሻላል። ካርቡሬተርና የቤንዚን ፖምፓ ላይ የሚታየው ነጭ ዱቄት የብረት ዝገት አይደለም፤ ይህ ፈሳሽ አይነካውም። እዚያ ላይ አታባክኑት።

ባሌስትራና ሌላ የጠነከረ ብረት ከዚህ ባልዲ ሲወጣ ጠቁሮ ይወጣል። ብዙዎች ተበላሸ ብለው ይደነግጣሉ። ጥቁሩ በብረቱ ውስጥ ያለው ካርቦን ገጽ ላይ የቀረ ነው፤ በብሩሽ ይታጠባል። ለእነዚህ ክፍሎች የኢቫፖ-ረስት ብልጫ ሌላ ነው። በአሲድ ወይም በኤሌክትሪክ የሚለቀቅ ዝገት ሃይድሮጂን ያመነጫል፣ ሃይድሮጂኑ ወደ ጠንካራው ብረት ይገባና ባሌስትራው ሸክም ሲያርፍበት ድንገት ሊሰነጠቅ ይችላል። በዚህ ፈሳሽ ያ ስጋት የለም። በሌላ መንገድ የጸዳ ባሌስትራ ግን በዚያው ቀን 200 ዲግሪ አካባቢ ባለ ምድጃ ለጥቂት ሰዓታት ሊጋገር ይገባል።

ከባልዲው የወጣ ብረት ራቁቱን ነው። ታጥቦ ሳይደርቅ ከቆየ በሰዓታት ውስጥ ብርቱካናማ አቧራ ይይዘዋል። በዝናብ ወራት ይህ ይብሳል። ታጥቦ፣ በሙቅ አየር ደርቆ፣ በዚያው ሰዓት ዘይት ወይም ኢፖክሲ ፕራይመር ይቀባ። ቀለም ለመቀባት ጊዜ ከሌለ መልሶ ፈሳሹ ውስጥ ነክሮ ሳይታጠብ ማድረቅ ይቻላል፤ የሚቀረው ስስ ሽፋን ቤት ውስጥ ለጥቂት ቀናት ይጠብቀዋል። ከመቀባት በፊት ግን እንደገና መታጠብ አለበት፣ አለዚያ ቀለሙ ይላጣል።

ሻንሲው ላይ ሒሳቡ አይሠራም

አምራቹ አንድ ጋሎን መካከለኛ ዝገት ያለበት ብረት እስከ 300 ፓውንድ፣ 136 ኪሎ ገደማ፣ ያጸዳል ይላል። ባዶው ጂፕ ከ1,000 ኪሎ ብዙም አይበልጥም፤ ስለዚህ ስምንት ጋሎን የሚበቃ ይመስላል። ችግሩ ሁለት ነው። ሜዳ ላይ የኖረ ጂፕ ዝገቱ መካከለኛ አይደለም፣ በቅርፊት የሚነሣ ነው። ሁለተኛውና ዋናው፣ ሻንሲውን ለማስመጥ የሚያስፈልገው ገንዳ ነው። 3.3 ሜትር በ0.8 ሜትር በ0.25 ሜትር የሆነ ገንዳ 660 ሊትር ይይዛል፤ ያም 174 ጋሎን ነው። በዚያ ገንዘብ ሌላ ጂፕ መግዛት ይቀላል። በጨርቅ እየነከሩ መጠቅለልም ለሁለት ስንዝር ቦታ እንጂ ለመላው ሻንሲ አይሆንም።

ኢትዮጵያ ላለ ሰው የመጀመሪያው አማራጭ ሞላሰስ ነው። ከወንጂና ከመተሐራ ዓይነት ስኳር ፋብሪካዎች የሚወጣው፣ ከብት አድላቢዎች የሚገዙት ራሱ ሞላሰስ። አሠራሩም ከኢቫፖ-ረስት ጋር ዝምድና አለው፤ እሱም ብረቱን ከዝገቱ ነጥሎ ይይዛል፣ ግን በጣም ቀስ ብሎ። ልኩ አንድ እጅ ሞላሰስ ለዘጠኝ እጅ ውሃ ነው፤ ለ660 ሊትሩ ገንዳ 66 ሊትር ሞላሰስ ይበቃል። ገንዳው ከጣውላ ተሠርቶ ውስጡ ወፍራም ላስቲክ ሊነጠፍበት ይችላል። ሻንሲው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይቀመጣል። በየሳምንቱ አውጥቶ በኃይለኛ ውሃ ማጠብ ሥራውን ያፋጥነዋል፤ የተለቀቀው ጥቁር ጭቃ ካልታጠበ ሥሩ ላለው ዝገት መከላከያ ይሆንለታል። ይሸታል፣ ዝንብ ይጠራል፣ ውሻና በግ ይመጣበታል፤ ክዳን ያስፈልገዋል። አሉሚኒየምና ዚንክ ይበላል፤ የፈሰሰ ብረትን ደግሞ ከልክ በላይ ከቆየ ያለሰልሰዋል። ለሻንሲ ሐዲድ ግን ከዚህ የረከሰና የዋህ መንገድ አናውቅም። ሲወጣ ሶዳ በሟሟበት ውሃ ይታጠብ፣ ከዚያ በንጹሕ ውሃ።

ሁለተኛው መንገድ ኤሌክትሪክ ነው። ለ4 ሊትር ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሶዳ አሽ ይሟሟል። ከአብያታ ሐይቅ ውሃ የሚወጣው ሶዳ አሽ ይኸው ነው። የገበታ ጨው ግን እንዳታስገቡ፤ ክሎሪን ጋዝ ያወጣል፣ ብረቱንም ይመርዘዋል። የባትሪ ቻርጀሩ ኔጋቲቭ ከሚጸዳው ብረት፣ ፖዘቲቩ ዙሪያውን ከተተከሉ ተራ የፌሮ ብረቶች ጋር ይያያዛል። ከተገላበጠ የሚበላው የጂፑ ብረት ነው። በፌሮው ፋንታ የማይዝግ ብረት መጠቀም ክልክል ነው፣ መርዛማ ክሮሚየም ውሃው ውስጥ ይገባል። አዲሶቹ ‹ስማርት› ቻርጀሮች ባትሪ ካላዩ አይነሡም፤ መሃል ላይ 12 ቮልት ባትሪ ማያያዝ ይጠይቃል። ፌሮው ፊት ለፊት ያላየውን ገጽ አያጸዳም፤ ስለዚህ ሻንሲው በአራቱም ጎን ፌሮ ያስፈልገዋል። የሚወጣው አረፋ ሃይድሮጂን ነው፤ ሥራው ውጭ ይሁን፣ ሲጋራም ሆነ ብየዳ አይቅረበው። ገመዱን ከመንካት በፊት ቻርጀሩ ይጥፋ።

የአሸዋ ማሽኑን አንጠላም፤ ለወፍራሙ ሻንሲ ፈጣን ነው። ግን ቁጥሩ በወፍራም ላስቲክ ተሸፍኖ፣ ከዊሊሱ የፊት ቱቦና ከተዘጉት ቦታዎች አሸዋው ተነፍቶ እስኪወጣ መታገሥ ይጠይቃል። የቀረ አሸዋ ውሃ ይይዝና ከውስጥ ያዝገዋል። ለላሜራ ግን አይሆንም፤ ኮፈኑ (የሞተሩ ክዳን) ይሞቅና ይወላገዳል፣ ከዚያ ባቲላሜራ የሚሠራ ባለሙያም ቀጥ አያደርገውም።

ዝገት ለዋጭ ተብለው ስለሚሸጡት ቅቦች አንድ ቃል። ፎስፎሪክ አሲድ ወይም ታኒክ አሲድ ያለባቸው ናቸው፤ ታኒኩ ዝገቱን ወደ ሰማያዊ ጥቁር ጠንካራ ሽፋን ይለውጠዋል። የሚሠሩት ስስ፣ ከብረቱ ጋር የተጣበቀ ዝገት ላይ ብቻ ነው። ቅርፊት ላይ ከተቀቡ ላይ ላዩን ያጠነክሩታል፣ ሥሩ ዝገቱ ይቀጥላል፤ ከአንድ ክረምት በኋላ ቀለሙ ከነቅርፊቱ ይነሣል።

ቦዲውና የተቀበረው ቀለም

በጂፑ ቦዲ ላይ ኢቫፖ-ረስት ሁለት ጊዜ ይሳሳታል። አንደኛ፣ ወለሉ ሥር ያሉት ማጠናከሪያ ላሜራዎች ውስጣቸው እንጨት አለ። እንጨቱ ውሃ ይዞ ይቆይና ላሜራውን ከውስጥ ይበላዋል፤ ከውጭ ደህና የሚመስለው በጣት ሲገፋ ይበሳል። እዚህ ምንም ፈሳሽ አያድንም። ተቆርጦ በአዲስ ላሜራ መተካት፣ የሚገባው እንጨትም በሁሉም ጎኑ ተቀብቶና ደርቆ መግባት አለበት። የነዳጅ ታንኩ የሚያርፍበት ከሹፌሩ ወንበር ሥር ያለው ጎድጓዳም እንዲሁ ነው፤ የማፍሰሻ ቀዳዳው በጭቃ ሲደፈን 57 ሊትር የሚይዘው ታንክ ታች ታቹን ይበሰብሳል። ታንኩን በዚህ ፈሳሽ ለመሙላት 15 ጋሎን ይጠይቃል። አዲስ ታንክ ይሻላል። አሮጌውን ለመበየድ የሚያስብ ካለ፣ ዘመናት ባዶ የቆየ ታንክም የቤንዚን ተን ይዞ ሊፈነዳ እንደሚችል ይወቅ።

ሁለተኛው ስሕተት ቀለሙ ላይ ነው። አምራቹ ቀለም አያነሣም ይላል፤ ልክ ነው። ግን ሥሩ የዛገ ቀለም ዝገቱ ሲለቅ አብሮ ይወድቃል። ኮፈኑ ጎን ላይ ደግሞ የጂፑ የጦር ሠራዊት ቁጥር አለ፤ ዩኤስኤ ከሚለው ጽሑፍ ቀጥሎ በ20 የሚጀምር ቁጥር። መጀመሪያ ላይ የተጻፈው ደብዘዝ ባለ ሰማያዊ ነበር፣ ኋላ በነጭ ተተካ። በላዩ ሦስትና አራት ጊዜ ቀለም የተቀባበት ኮፈን ላይ እንኳ ቁጥሩ ሥሩ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ኮፈኑ ላይ ኬሚካል ከመንካት በፊት 600 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በሳሙና ውሃ አርጥባችሁ፣ ግፊት ሳታበዙ፣ አንድ አንድ ንብርብር ብቻ እያነሣችሁ ፈልጉ። ከወይራ አረንጓዴው ላይ የሰማያዊ ጥላ ሲታይ አቁሙ፣ አድርቁ፣ ፎቶ አንሡ፣ ስፋቱን በሚሊሜትር ለኩ። ማርጠቡ ለሌላም ይጠቅማል፤ የዚያ ዘመን ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል አቧራው መተንፈስ የለበትም። የሚያበሩ ቁጥሮች ያሏቸው የዚያ ዘመን ቆጣሪዎችም ሬዲየም ሊኖርባቸው ይችላል፤ መስታወታቸውን አትክፈቱ፣ አትፈግፍጉ።

ባሕር ዳርቻ የኖረ ብረት ሌላ በሽታ አለው። ከምጽዋ፣ ከዓሰብ ወይም ከባሕረ ሰላጤው ዳርቻ የመጣ ጂፕ ዝገቱ ውስጥ ጨው አለ። ኢቫፖ-ረስት ዝገቱን ያነሣዋል፣ ከብረቱ ጉድጓድ ውስጥ ያለውን ጨው ግን አያወጣም፤ በቀለሙ ሥር እንደገና ቢጫ ጠብታ ይወጣል። ለዚህ የሶዳው የኤሌክትሪክ ገንዳ ይሻላል፣ ከዚያም በተጣራ ውሃ ደጋግሞ መዘፍዘፍ። ጨው መቅረቱን ለማወቅ ክፍሉ የተዘፈዘፈበትን የተጣራ ውሃ ትንሽ ቀድታችሁ ጥቂት ጠብታ ናይትሪክ አሲድ፣ ከዚያ ጥቂት ጠብታ የብር ናይትሬት ጨምሩ። ነጭ ደመና ከታየ ጨው አለ፤ ውሃውን ቀይሩና ቀጥሉ። የቧንቧ ውሃ ራሱ ክሎራይድ ስላለበት ለዚህ ምርመራ አይሆንም።

መንገድ ዳር እንደቆሙ ስለቀሩት ታንኮችና ብረት ለበሶች ለሚጠይቁ፣ ይህ ምርት ለነሱ አይደለም። እነዚያ ከመነካታቸው በፊት ያልፈነዳ ጥይት እንደሌለባቸው በባለሙያ መረጋገጥ አለበት፤ ከዚያ በፊት ልጅም ጎልማሳም አይውጣባቸው። ባሉበት ለማቆየት የሚጠቅመው መጀመሪያው ሥራ ኬሚካል አይደለም፣ ውሃ ማስወጣት ነው። የሆዳቸው ማፍሰሻ ቡሎኖች ተከፍተው ሆዳቸው ውስጥ የታቆረው ውሃና የተጠራቀመው ቅጠል ይውጣ። ከዚያ በእጅ ታጥበው፣ ሲደርቁ ታኒክ አሲድ፣ በላዩም ሰም ይቀቡ፤ ሰሙ በየዓመቱ ከክረምት በፊት ይታደስ። የተቃጠለበትና ጥይት የበሳበት ገጽ እንዳለ ይቆይ፤ ታሪኩ የተጻፈው እዚያ ላይ ነው።

ለአንድ ጂፕ ስንት ይገዛ? አምስት ጋሎን ይበቃል። አንዱን ለፍሬን ክፍሎች ብቻ ለዩት፤ ቅባት እንዳይነካው። አራቱ ለቡሎን፣ ለእጀታ፣ ለማጠፊያ፣ ለክሪክና ለመፍቻ ይሁን። ከእያንዳንዱ ሥራ በኋላ በጨርቅ አጥልላችሁ ክዳን ባለው ጀሪካን አስቀምጡት፤ የተጠቀማችሁበትን ከአዲሱ አትቀላቅሉ። ፈሳሹ መጥቆሩ ብቻ አልቋል አያሰኝም። በሞቀ ቦታ ተራ የዛገ ቡሎን ገብቶ በ24 ሰዓት ካልጸዳ ግን አልቋል። ያን ጊዜም ከጂፑ የወጣ የቀለም እርሳስና ዘይት ስላለበት ወደ ቦይ አይደፋ፤ ታሽጎ ከተቃጠለ ዘይት ጋር ለሚሰበስቡ ይሰጥ።